በሰው ሜዳ ከአባት ጋራ መጫወት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ስለ ትምህርት ጥቅም ብዙ ቁም ነገር ተነግሯል። እኔ ግን የተሰጠኝን ጥቂት ደቂቃ ስለ ጨዋታ ለመናገር መርጫለሁ። ይህንንም ማድረጌ በቁም ነገር መካከል ቧልት ለማስገባት ፈልጌ አይደለም፤ ጨዋታ ራሱ ቁም ነገር የሚሆንበት ጊዜ ስላለ ነው። የምናገርለት ጨዋታ ሁላችሁም የምታውቁት የገና ጨዋታ ነው። ይልቁንም በራሳችን መንደር ሳይሆን በሰው አገር፥ በማናውቀው ሜዳ፥ ከአባት ጋራ ስንጫወተው ምን እንደሚያስተምረን ለመግለጥ እሞክራለሁ።

ገና የበዓሉም፥ የጨዋታውም፥ የዱላውም ስም ነው። በዓሉ ታኅሣሥ 29 ቀን፥ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። የጨዋታውን ምንጭ አባቶች ሲተርኩ፥ በቤተ ልሔም መንጋቸውን ይጠብቁ የነበሩ እረኞች የጌታን መወለድ በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት የተነሣ በያዙት በትር ተጫወቱ ይላሉ። ዱላው ጫፉ የተቆለመመ ነው። ኳሷ ከእንጨት ተጠርባ ወይም ከጠፍር ተጠቅልላ የምትሠራ ስትሆን፥ ሩር ወይም ጥንግ ትባላለች። ተጫዋቾቹ በሁለት ወገን ይከፈሉና እያንዳንዱ ወገን ጥንጓን አሳልፎ ወደ ባላጋራው ዳር ለማድረስ ይታገላል። የሰዉ ቍጥር በሕግ አልተወሰነም፤ ሃያም ቢሆኑ መቶም ቢሆኑ ይጫወታሉ። የሜዳውም ስፋት ሁለቱ ወገኖች በተስማሙበት ነው፤ «ከዚያ ግራር እስከዚህ ጅረት» ከተባለ አበቃ።

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ይህን የመጨረሻውን ነገር ነው። የእግር ኳስ ሜዳ የትም ቢሄዱ መልኩ አንድ ነው፤ በኖራ የተሰመረ አራት ማዕዘን ነው። የገና ሜዳ ግን እንደ አገሩ ይለያያል። አንዱ ዳገት ነው፤ ሌላው ረግረግ ነው፤ ሌላው ትናንት የታጨደ ማሳ ነው። ስለዚህ በገና ጨዋታ ሜዳው ራሱ እንደ ሦስተኛ ወገን ሆኖ ይገባል። የአገሩ ልጆች ወዳጁ ናቸው፤ እንግዳ ግን እስኪላመደው ድረስ ይጥለዋል።

አባቴ ገበሬ ናቸው፤ ፊደል አልቈጠሩም። ነገር ግን የሰው ሜዳ በማንበብ ከእርሳቸው የሚበልጥ ሰው አላየሁም። እኔ ዱላ ለመያዝ ከበቃሁ ጀምሮ በገና ሰሞን ዘመድ ልንጠይቅ በሄድንበት ሁሉ አብረን ስንጫወት ኖረናል። ይህም በመሆኑ በእነብሴ፥ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ከዚያ በፊት እግራችን ባልረገጣቸው መስኮች ላይ ተሰልፈናል። አባቴ ከእንግዳ ሜዳ ሲደርሱ ዱላቸውን ከትከሻቸው አያወርዱም። አስቀድመው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር በእግራቸው ይለኩታል። ከዚያም ሽማግሌ ወይም ጐበዝ አለቃ ፈልገው አይጠይቁም፤ እረኛ ፈልገው፥ «ልጄ፥ በክረምት እዚህ ውኃው ወዴት ይወርዳል?» ይሉታል። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ በታኅሣሥ ፀሐይ ስለ ክረምት ጐርፍ መጠየቃቸው አስቆኝ ነበር። በኋላ ግን ውኃ የሚወርድበት ጥንግም እንደሚወርድበት አየሁ።

በቢቸና አካባቢ የተጫወትንበት መስክ መረሬ አፈር ነበር። መረሬ በክረምት ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ በበጋ ግን ደርቆ ይሰነጠቃል። የእኛ ወገን ጐበዞች እንደ ለመዱት ጥንጓን በረጅሙ ሲመቷት፥ ገና መንገድ ሳትጀምር ከስንጥቅ ውስጥ ትገባለች፤ እርሷን ለማውጣት ስንጐነበስ የአገሩ ልጆች ይደርሱብናል። አባቴ ጥቂት ቆመው ተመለከቱና፥ «በከብቱ መንገድ አውጣት» አሉኝ። በሜዳው ዳር ከብት ወደ ውኃ የሚወርድበት ቀጭን መንገድ ነበር። አፈሩን ኮቴ ረግጦ አጠንክሮታልና ስንጥቅ የለበትም። የአገሩ ልጆችም በዚያው ሲያወጧት ቆይተዋል፤ እኛ ግን አላስተዋልነውም ነበር። ከዚያ በኋላ ጥንጓ ሁለት ጊዜ አለፈችልን።

ከሞጣ ወጣ ብሎ የተጫወትንበት ሜዳ ደግሞ ተዳፋት ነበር። አስተናጋጆቻችን እንግዳ አክባሪዎች ናቸውና የምንቆምበትን ወገን እንድንመርጥ ፈቀዱልን። ወጣቶቹ ሁሉ ቍልቍል መምታት ይቀላል ብለን ወደ ላይኛው በኩል ሮጥን። አባቴ ግን ታችኛውን መረጡ። ምክንያታቸውም ሁለት ነበር፤ ከላይ የሚጫወት ሰው ማታ ማታ ፀሐይ በዓይኑ ይገባበታል፤ ደግሞም ቍልቍል የተመታች ጥንግ ከመቺዋ ቀድማ ትሸሻለች እንጂ አትታዘዝም። በእርሳቸው ምክር ታችኛውን ያዝን፤ ጀንበሯም ስታዘቀዝቅ እንዳሉት ሆነ። ይሁን እንጂ በዚያ ቀን ተሸንፈናል። ሜዳ ማወቅ ብርቱ ነገር ቢሆንም ጉልበትን አይተካም፤ የአገሩ ልጆች በሩጫም በብዛትም በለጡን። ሲረቱ የሚሰደቡትን ስድብ ሁሉ ተሰድበን፥ ከረቱን ሰዎች ቤት ጠላ ጠጥተን አደርን።

ጓደኞቼ፤ ይህ የእኛ አገር ገበሬ ብልሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ በዓለም የታወቁ ሁለት ምሳሌዎችን ላምጣ።

የመጀመሪያው አበበ ቢቂላ ነው። አበበ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ኦሎምፒክ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን ማራቶን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ አሸነፈ። የእግሩን ባዶነት ሁሉ ያውቀዋል፤ ከውድድሩ በፊት ያደረገውን ግን የሚያስታውሱት ጥቂቶች ናቸው። እርሱና ስዊድናዊው አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን አስቀድመው አይተውት ነበር። ከመጨረሻው ብዙ በማይርቅ ስፍራ፥ ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ወስደው ያቆሙት የአክሱም ሐውልት ነበረ። ከዚያ ሲደርስ ተፎካካሪውን ጥሎ እንዲፈተለክ ተማከሩ፤ እንደ ተማከሩትም አደረገ። እንግዲህ አበበ በማያውቀው ከተማ የሚያውቀውን አንድ ምልክት ይዞ ሮጠ ማለት ነው። ያ ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከጎልፍ ነው። ጎልፍ እንደ ገና በተቆለመመ ዱላ ትንሽ ኳስ የሚመታበት፥ ሜዳውም እንደ ገና ሜዳ ከቦታ ቦታ የሚለያይ የስኮትላንድ ሰዎች ጨዋታ ነው። በዚያ አገር ቶም ሞሪስ የሚባሉ አባትና፥ ስሙም የአባቱ ስም የሆነ ልጅ ነበሩ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1867 ትልቁን ውድድር አባትዬው አሸነፉ፤ እድሜያቸው 46 ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በ1868 ልጅዬው በ17 ዓመቱ ድሉን ከአባቱ ተረከበ። እነዚህ ሰዎች እንጀራቸውን ከጨዋታው የሚበሉ ነበሩና በአንድ ውድድር ባላጋራ፥ በሌላው ደግሞ ጓደኛ ሆነው ከሜዳ ሜዳ አብረው ይዞሩ ነበር። በመስከረም 1875 ኖርዝ በርዊክ በምትባል ከተማ ሁለት ወንድማማቾችን ገጥመው ሲጫወቱ፥ ጨዋታው ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው የልጅዬው ሚስት ምጥ እንደ ጠናባት የሚገልጥ ቴሌግራም መጣ። አባትና ልጅ በመርከብ ባሕረ ሰላጤውን አቋርጠው ወደ ቤታቸው ገሠገሡ፤ ነገር ግን እናቲቱም ሕፃኑም አርፈው ቆዩአቸው። ልጅዬው ራሱ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ በዚያው ዓመት በፈረንጆች የልደት ዕለት በ24 ዓመቱ ሞተ። አባትዬው ግን እስከ 1908 ኖሩ።

ይህን ያነበብሁ ጊዜ የማረከኝ የዋንጫቸው ብዛት አይደለም። የመከራው ወሬ ሲመጣ አባትና ልጅ በአንድ ሜዳ ላይ፥ ጐን ለጐን ነበሩ፤ ያንን መራራ መንገድ አብረው ተጓዙት። ለካ አብሮ መጫወት ማለት ሌላ ነገር ሲመጣም አብሮ መገኘት ነው።

አሁን ወደ እኛ አገር ልመለስ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚል ተረት አለን። በዚያ ቀን ጌታና አሽከር፥ ሀብታምና ድኻ በአንድ ሜዳ እኩል ይጋፋሉ፤ ቅልጥሙን የተመታ ያነክሳል እንጂ አይካሰስም ማለት ነው። ተረቱ ስለ ጌታና ስለ አሽከር ይናገር እንጂ፥ እኔ ያገኘሁት ግን በአባትና በልጅ መካከልም እንደሚሠራ ነው።

በእኛ ቤት አባትን «አንቱ» እንጂ «አንተ» ማለት የለም። አባት ሲናገር ልጅ ይሰማል፤ ካልተጠየቀ አይናገርም። ይህ መልካም ሥርዓት ነው፤ እንዲቀርም አልመኝም። ነገር ግን ጥንግ በእግር ሥር እየተንከባለለች፥ ሃምሳ ዱላ በላይዋ እያንዣበበ፥ «አባቴ ሆይ፥ እባክዎ ይምቷት» ለማለት ጊዜ የለም። በሞጣው ጨዋታ ላይ «ምታት! ምታት!» ብዬ በአባቴ ላይ ጮኽሁ። እርሳቸውም መቷት። ዞር ብለውም አላዩኝም፤ አልተቆጡምም። ጨዋታው ሲያበቃ ወደ ቀድሞው «አንቱታ» ተመለስን። ይሁን እንጂ ያች አንዲት ከሰዓት በኋላ በሁለታችን መካከል አንድ ነገር ከፍታ ሄደች።

ምን እንደ ከፈተች ልንገራችሁ። በዚህ ትምህርት ቤት ከገጠር መጥተን፥ በከተማው ቤት ተከራይተን፥ በየሳምንቱ ከቤታችን ስንቅ ተሸክመን የምንማር ብዙዎች ነን። ቅዳሜ ወደ ቤት ስንሄድ ከአባቶቻችን ጋራ የምንነጋገረው ስለ ስንቁ፥ ስለ ኪራዩና ስለ ከብቱ ነው። ስለ ትምህርቱ እነርሱ አይጠይቁንም፤ የማያውቁት ነገር ስለ ሆነ ያፍራሉ። እኛም አንነግራቸውም፤ አይገባቸውም ብለን እንገምታለን። በዚህ ዓይነት ልጅ ክፍል በጨመረ ቍጥር ከአባቱ አንድ አንድ እርምጃ እየራቀ ይሄዳል። አባት በሬ ሽጦ ልጁን ያስተምራል፤ የሸጠው በሬ ወዴት እንዳደረሰው ግን አያውቅም።

ከሞጣ ስንመለስ መንገዱ ረጅም ነበር። አባቴ ስለ ጨዋታው ሲያወሩ ቆይተው ድንገት፥ «ለመሆኑ ያ ፈተና የምትሉት ነገር እንዴት ያለ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እንደምታውቁት ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ ቆይቷል። ተማሪው ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ፥ አይቶት ከማያውቀው ግቢ ገብቶ፥ ከማያውቃቸው ልጆች መካከል ተቀምጦ ይፈተናል። ይህንኑ ነገርኋቸው። ከሒሳቡ ይልቅ ያ እንግዳ ግቢ እንደሚያስፈራኝም ጨምሬ ነገርኋቸው። በሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ይህን ለአባቴ ለመናገር አልደፍርም ነበር። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ሄዱና፥ «እንግዲያስ ይህ በሰው ሜዳ የሚደረግ ጨዋታ ነዋ! እረኛውን ጠይቃ» አሉኝ።

ምክራቸውን ተቀበልሁ። ባለፉት ዓመታት ተፈትነው የመጡትን ታላላቆቼን እየፈለግሁ፥ መኝታው እንዴት እንደ ሆነ፥ አዳራሹ እንዴት እንደ ሆነ፥ ሰዓት እንዴት እንደሚያዝ፥ ብዙ ልጅ የሚደናገጠው በየትኛው ቀን እንደ ሆነ ጠየቅሁ። የነገሩኝንም በደብተር ጻፍሁ። ፈተናው ገና ከፊቴ ነው፤ ስለ ውጤቱ ዛሬ ልመካ አልችልም። ፍርሃቴ ግን መጠኑን አውቆ ተቀምጧል።

ከዚያ በኋላ በተደረገው የወላጆች ስብሰባ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚህ ግቢ መጡ። ከዚያ በፊት ሰው ይልኩ ነበር። በበሩ ላይ ቆም አሉና፥ «ይህ ደግሞ እኔ የማላውቀው ሜዳ ነው፤ አሁን አንተ ምራኝ» አሉኝ። እኔም ግቢውን ከዳር እስከ ዳር አዞርኋቸው፤ ቤተ መጻሕፍቱን፥ ቤተ ሙከራውን፥ የምቀመጥበትን ወንበር አሳየኋቸው። ከመምህሬ ጋራም ባገናኘኋቸው ጊዜ የጠየቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ልጆቹ የሚወድቁት በየትኛው ትምህርት ላይ ነው?» የሚል ነው። ይህም «ውኃው ወዴት ይወርዳል?» ከሚለው ከቀድሞው ጥያቄ ጋራ አንድ እንደ ሆነ የገባኝ ሳቄን ውጬ ነው። መምህሩም ጥያቄውን አልናቁትም፤ በሰፊው አስረዱአቸው።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ከዚህ ሁሉ ለማስረዳት የፈለግሁት ነገር አንድ ነው። አባትና ልጅ በቤታቸው ሳሉ እያንዳንዳቸው የተመደበላቸው ስፍራ አላቸው፤ አንዱ አዛዥ፥ አንዱ ታዛዥ ነው። በሰው ሜዳ ግን ሁለቱም እንግዶች ናቸው። በዚያ ያየ ላላየ ይነግራል፤ የሚሮጥ ለማይሮጥ ይሮጥለታል። ልጅ የአባቱን ማስተዋል፥ አባትም የልጁን አቅም የሚያውቀው በዚያ ነው። ይህን በምክር ብቻ ማግኘት አይቻልም፤ አብሮ ዱላ መያዝ ያሻል።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን ጥቂት አሳቦች ላቀርብ እወዳለሁ።

አንደኛ፥ በየዓመቱ በገና ሰሞን የወላጆችና የተማሪዎች የገና ጨዋታ በትምህርት ቤታችን ስም ይደረግ። ነገር ግን ወላጆች በአንድ ወገን፥ ተማሪዎች በሌላ ወገን አይሁኑ፤ አባትና ልጅ በአንድ ወገን ይሰለፉ። በአንዱ ዓመት እዚህ በመርጡለ ማርያም፥ በሌላው በቢቸና ወይም በሞጣ ካሉ ትምህርት ቤቶች ጋራ እንግጠም። የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገናን ከገበጣ፥ ከትግልና ከፈረስ ጉግስ ጋራ ሕግ ጽፎለት፥ ውድድሩን ከከተማ ወደ ከተማ እያዘዋወረ ሲያካሂድ ቆይቷል። ስለዚህ የተጻፈ ደንብ ቢያስፈልገን ከየት እንደምናገኘው እናውቃለን።

ሁለተኛ፥ ከጨዋታው በፊት አስተናጋጁ እንግዳውን ሜዳውን ያስጐብኘው። ጥንግም ከጕልበት በላይ እንዳትነሣ፥ ዱላም ከትከሻ በላይ እንዳይወጣ ቀድሞ ይነገር። ተረቱ አይቆጡም አለ እንጂ ጥርስ ይውለቅ አላለም።

ሦስተኛ፥ እናቶችና እኅቶቻችን ስንቅ አዘጋጅተው ዳር ቆመው እልል የሚሉ ብቻ አይሁኑ። የሚወዱ ካሉ ሜዳው ለእነርሱም ይከፈት። እናትና ልጅ የሚነጋገሩበት መንገድም እንደ አባትና ልጅ ሁሉ ያስፈልጋልና።

አራተኛ፥ የምንጫወትበትን መስክ እንጠብቀው። እንግዳ ወደ መርጡለ ማርያም ሲመጣ በእቴጌ እሌኒ ዘመን የተሠራውን የጥንቱን ሕንፃ ፍርስራሽ በኩራት እናሳየዋለን። መስካችንም ተቆራርሶ ሳያልቅ ለልጆቻችን የምናሳየው ነገር ይሁን።

በመጨረሻም ለጓደኞቼ የምለው አለኝ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁላችንም ወደ ማናውቀው ስፍራ እንበተናለን፤ አንዳንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲ፥ አንዳንዱ ወደ ሥራ፥ አንዳንዱም ወደ እርሻው። ከመሄዳችን በፊት ይህን የቀረውን ጊዜ ከወላጆቻችን ጋራ እንጫወትበት። ፊደል ያልቈጠረ አባት ሜዳ ማንበብ እንደሚያውቅ እናስተውል፤ እርሱም ወደ እኛ ሜዳ ሲመጣ እጁን ይዘን እናስገባው።

 ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፥ ለመምህራኖቻችን ጤና፥ ለወላጆቻችን በረከት እመኛለሁ።